ከበሮ መቺውም ስም አለው

በአገራችን አንድ ዘፈን በተወደደ ጊዜ ምስጋናው በመጀመሪያ ለዘፋኙ ይደርሳል። ጠያቂ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ይነሣል። ሳክስፎን የሚነፋው ወይም ጊታር የሚጫወተው ሰውም ብድግ ብሎ ፊቱን ለማሳየት ስለሚችል አልፎ አልፎ ይጨበጨብለታል። ከሁሉ ኋላ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን ለአራት ልዩ ልዩ ሥራ አሰማርቶ፣ ሌላውን ሁሉ ተሸክሞ የሚያነጋው ከበሮ መቺ ግን ስሙን የሚጠይቅለት የለም። ጓደኞቼ፣ እስቲ ንባባችሁን ጥቂት ገታ አድርጉና የሦስት ዘፋኞችን ስም ጥሩ። ይህ ቀላል ነው። አሁን ደግሞ የአንድ ድራም መቺ ስም ጥሩ። ዝም ካላችሁ አትፈሩ፤ አብዛኛው ሰው ከእናንተ ጋር ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ ተራ የመርሳት ነገር መስሎ ይታያል። እኔ ግን የሰው እንጀራ የሚያስቀር ዝምታ ነው እላለሁ። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

አጃቢ ሙዚቀኛ ማለት ዛሬ ከአንዱ ዘፋኝ፣ ነገ ከሌላው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በመቅረጫ ክፍል ከሦስተኛው ጋር የሚሠራ የዕለት ባለሙያ ነው። ዜማው የእርሱ አይደለም፤ ግጥሙም የእርሱ አይደለም፤ በግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ማስታወቂያ ፎቶግራፉ አይወጣም። የተስማማበትን ተቀብሎ፣ መሣሪያውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ታዲያ ይህ ሰው ቀጣዩን ሥራ የሚያገኘው እንዴት ነው? «ያንን ዘፈን ድራም የመታው ማን ነው?» ብሎ አንድ ሰው ሲጠይቅና መልስ ሲያገኝ ነው። ዘፋኝ ዘፈኑ ሀብቱ ነው፤ ደራሲም ግጥሙ ሀብቱ ነው። አጃቢ ግን ከስሙ በቀር ሌላ ሀብት የለውም። ስለዚህ የአጃቢን ስም ሳይጽፍ የቀረ ሰው ከዛሬው ክፍያ ምንም ባይቀንስበትም የነገውን ክፍያ አስቀርቶበታል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በሙሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃና ማብራሪያ ነው።

በመሠረቱ የከበሮ ሥራ ጊዜ መቁጠር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች «ችክችካ» የምንለውን የአገራችንን ምት ልብ ብለው ቢያዳምጡት አሳባቸውን በለወጡ ነበር። ስድስቱ ምት አንድ ጊዜ ሁለት ሦስት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ሁለት ሆኖ ይሰማል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ሳያምታታ የሚያስኬደው ከበሮ መቺው ነው። የጥንቱ ከበሮ ሰፊውና ወፍራም ድምፅ ያለው አንድ ፊት፣ ጠባቡና ቀጭን ድምፅ ያለው ሌላ ፊት አለው። የዛሬው ድራም መቺ ያንን ወፍራም ድምፅ በእግሩ፣ ያንን ቀጭን ድምፅ በእጁ ሊያወጣ ይጥራል። ዘፋኙ ዜማውን እንደ ልቡ ሲያስረዝመው ቆጠራውን የሚጠብቅለት ሰው ከሌለ መመለሻው ይጠፋዋል። በጃዝ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ከበሮ መቺው ምት ከመጠበቅ አልፎ ከነፊው ጋር ይነጋገራል፤ ሲጠይቀው ይመልሳል፣ ሲደክም ይገፋዋል፣ ሲያበዛም ይገታዋል። እርሱ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ቢቸኩል ከሙዚቀኛው ጆሮ በፊት የእስክስታ ወራጁ ትከሻ ያውቅበታል። የወላይታ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ወገብ ይመሰክርበታል።

ወደ ማስረጃው እንግባ። የጃዝ አገር ከሆነችው ከአሜሪካ ሁለት ከበሮ መቺዎችን ወስደን ብናስተያይ ነገሩ ይገለጥልናል።

የመጀመሪያው ጂሚ ኮብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ወር ላይ የማይልስ ዴቪስ ጓድ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለውን ሸክላ በኒው ዮርክ ሲቀርጽ ከበሮ የመታው እርሱ ነበር። ይህ ሸክላ በጃዝ ታሪክ እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብቻ 5 ሚሊዮን ቅጂ እንደ ደረሰ በይፋ ተመስክሮለታል። ኮብ ግን አጃቢ ነበር፤ የሸክላው ጌታ አልነበረም። በ91 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 እስኪሞት ድረስ ከዚያ ጓድ በሕይወት የቀረ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነበር፤ በሞተበትም ዓመት ቤተሰቡ ለሕክምና ወጪ ከሕዝብ ርዳታ ለመጠየቅ ተገዷል። ይህ የሚያሳዝን ነው። የሆነ ሆኖ ስሙ በሸክላው ልባስ ላይ ተጽፎ ስለ ነበር፣ ያ ስም ከ60 ዓመት በላይ ሥራ አስገኝቶለታል። ከዊንተን ኬሊ ጋር ሠርቷል፤ ከዘፋኟ ከሣራ ቮን ጋር ሠርቷል፤ በእርጅናውም የራሱን ጓድ መርቷል። ገንዘቡ ባይካፈልም ስሙ ተካፍሏል፤ የተካፈለውም ስም አብልቶታል።

ሁለተኛው ክላይድ ስተብልፊልድ ነው። እርሱ የጃዝ ሳይሆን የጄምስ ብራውን ጓድ ሰው ነበር፤ አጃቢነቱ ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በተቀረጸው «ፈንኪ ድራመር» በተባለው ዘፈን መካከል ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ከበሮው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻውን ይሰማል። ይህችን ቁራጭ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የራፕ ሙዚቃ አቀናባሪዎች እየቈረጡ ከሺህ በሚበልጡ ዘፈኖች ውስጥ አስገብተዋታል። ሆኖም የዘፈኑ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ጄምስ ብራውን ስለ ነበረ ለመቺው አንዳች ድርሻ አልደረሰውም። ከእነዚያ ዘፈኖች በአብዛኞቹ ላይ ስሙ እንኳ አልሰፈረም። ስተብልፊልድ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሞት በዓለም ዙሪያ ጆሮ ያለው ሁሉ እጁን ያውቃል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እነሆ ልዩነቱ፦ ሁለቱም ከባለቤትነቱ አልተካፈሉም፤ አንዱ ግን በስሙ እየተጠራ ሲሠራ ኖረ፤ የሌላው እጅ ያለ ስሙ ዓለምን ዞረ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 ጓዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም በየመጽሔቱ ይታተማል። በዚያ ጉዞ ከኤሊንግተን ኋላ ተቀምጦ ይመታ የነበረው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ስለ ሙላቱ ካነሣን ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። የኢትዮ ጃዝ አባት የምንለው ይህ ሰው በጅማ ተወልዶ በእንግሊዝና በቦስተን በርክሊ የተማረ ሲሆን፣ መሣሪያዎቹ ቫይብራፎንና ኮንጋ ናቸው። ሁለቱም የሚመቱ ናቸው። እንግዲህ በዓለም ላይ ስማችንን ያስጠራው የጃዝ ሰው መቺ ነው ማለት ነው። ስሙ የገነነው ግን በመምታቱ ብቻ አይደለም፤ ደርሶና አቀናብሮ በሸክላው ልባስ ላይ ስሙን በፊደል ስላስጻፈም ነው። ያም ሆኖ እርሱ ራሱ አጃቢ መሆንን አልናቀም። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተባለውን ያለ ዘፋኝ የተቀረጸ ሸክላ ሲያወጣ ሙላቱ በእንግድነት ቫይብራፎን መታ።

በዚሁ ሸክላ ላይ የጓዱ ከበሮ መቺ ተማረ ሐረጉ ነበር። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖውን ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታሩን ማህሙድ አማን፣ ቤዙን መላከ ገብሬ ይዘው ነበር። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ቁራጭ ከዚያ ሸክላ ወጥቶ ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ቶኪዮ ይጫወቱታል። እነዚህን ስሞች በሙሉ ለመዘርዘር የቻልሁት ስማቸው ተመዝግቦ ስለ ተገኘ ነው። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል፤ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ነበረ ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ይቆይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ መምታት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም። ተማረ ሐረጉ የሚለው ስም ግን ከዚያ ዘመን ዘፋኞች ስም አጠገብ ሲነሣ የሰማ ስንት ነው?

ከዚያም የካሴት ዘመን መጣ። በቤታችን ካሉት የቆዩ ካሴቶች አንዱን አንሡና ሽፋኑን ተመልከቱ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ አለ፤ ስሙ በትልቁ ተጽፏል፤ ከግርጌ ደግሞ «ከእገሌ ባንድ ጋር» የሚል ይገኛል። «ባንድ» ማለት የሰዎች ስብስብ መሆኑን እንርሳውና አንድ መሣሪያ ይመስለናል። አምስት ስድስት ሰው በአንድ ቃል ተሸፍኖ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች «ሕጉ ነው ጥፋተኛው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕግ ከበሮ መቺውን አልረሳውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» ብሎ ከሚጠራቸው ሰዎች መካከል ሙዚቀኛም ይገኛል፤ በተቀረጸው ክዋኔው ላይም መብት አለው። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ዳሩ ግን መብት የሚጠየቀው በስም ነው። «በዚህ ቅጂ ላይ የመታሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው ስሙ በየትም ካልተጻፈ በምን ያስረዳል? ሕጉ በሩን ከፍቶለታል፤ መግቢያ ወረቀቱን ግን እኛው አልጻፍንለትም።

ሌሎች ደግሞ «ዛሬ ማሽን እያለ ከበሮ መቺ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በከተማችን በሶዶም ሆነ በሌላው ከተማ ብዙ ሠርግ በአንድ ኪቦርድና በውስጡ በተከማቸው ምት ያልፋል፤ ወጪውም ይቀንሳል። እንዲያውም ለዚህ ክርክር የሚረዳ ማስረጃ እኔው ልስጥ። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከጓዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ፣ በከበሮ መቺ ፈንታ በማሽን ምት ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ካሴቱም ያማረ ነበር። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት በአሜሪካ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ ወደ መድረክም ተመለሰ።

አሁን ነገሩን በጥሞና አስተውሉ። በማሽን ብቻውን መሥራት የሚችለው፣ በዚያም ሥራ ስሙ የተጠራው ይህ ሰው ወደ መድረክ ሲመለስ ማሽኑን ይዞ ብቻውን አልወጣም። ቤዝ ተጫዋችና ከበሮ መቺ ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው «ላላ በሉ» ላይ ቶኒ ባክ የተባለው አውስትራሊያዊ ከበሮ መታ፤ በ2020 ባወጣው «የኔ ምርጫ» ላይ ደግሞ ኬን ጆሴፍ መታ፤ ቤዙን የያዘውም አለምሰገድ ከበደ ነበር። ማሽን ጊዜ ይጠብቃል፤ አያዳምጥም። ተጫዋቹ ሲያመነታ አይጠብቀውም፣ ሲጋልም አይከተለውም። ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው በሁለቱም የሠራ ሰው ነውና፣ ምርጫውን በሥራ አሳይቶናል። የአጃቢዎቹም ስም ከነመሣሪያቸው ተጽፏል።

ሦስተኛው ክርክር «ስም የፈለገ የራሱን ባንድ ያቋቁም» የሚለው ነው። ይህ ግን በረኛውን «ስምህ እንዲጠራ ከፈለግህ ጎል አግባ» እንደ ማለት ነው። ሁሉም መሪ ከሆነ የሚመራው ማን ነው? ከላይ እንዳየነው ሙላቱን የሚያህል ሰው ለሌላው አጅቧል። አጃቢነት መሪ ለመሆን ያልበቃ ሰው የሚቀርበት ሥፍራ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ለዚህ ደግሞ ምስክር ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያሻንም። የክልላችን ሰዎች የሆኑት ደራሼዎች፣ ከአርባ ምንጭ ባሻገር በጊዶሌ አካባቢ፣ «ፊላ» የሚሉት የቀርከሃ ዋሽንት አላቸው። እያንዳንዱ ሰው የሚይዘው አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ዋሽንት ነው። አንዱ ብቻውን ቢነፋው ዜማ አይሆንም፤ ሁሉም በየተራው፣ በየቦታው ሲያስገባት ግን ታላቅ ሙዚቃ ይወለዳል። ሙላቱ አስታጥቄ የጃዝ ሊቃውንት በትምህርት የደረሱበትን የድምፅ ስልት ደራሼዎች ከጥንት ይዘውት እንደ ኖሩ ደጋግሞ ተናግሯል። እኔ ደግሞ ከድምፁ ስልት ይልቅ የሚደንቀኝ የሥራው ክፍፍል ነው። በፊላ ውስጥ ዘፋኝና አጃቢ የሚባል ልዩነት የለም፤ ሁሉም አጃቢ ነው፤ አንዱ ቢቀር ዜማው ቀዳዳ ይኖረዋል። በእኛም በወላይታ በጊፋታ «ሃያ ሌኬ» ሲባል አውጪው ብቻውን ቢቀር ምን ጨዋታ ይሆናል? ተቀባዩና አጨብጫቢው ነው ጨዋታ የሚያደርገው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። አንድን ሰው ከፊት አቁሞ ሌላውን ከኋላ መርሳት እንግዲህ ከመድረክና ከካሴት ጋር የመጣብን ልማድ ነው እንጂ የአባቶቻችን አይደለም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሩቅ ላሉት ብቻ ብዬ አይደለም። በአካባቢያችን ብዙ ወጣት ድራም የሚለምደው በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ነው። ከዚያ ወጥቶ በሙያው ልኑር ያለ እንደ ሆነ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ሥራ ነው ወይ?» ብሎ ነው። አዝማሪን የመናቅ አሮጌ ልማድ ገና አልለቀቀንምና። ልጁ ለእናቱ የሚያሳያት ስሙ የተጻፈበት አንድ ወረቀት እንኳ ከሌለው ምን ብሎ ያሳምናት? እኔ በተገኘሁበት በአንድ የምሽት ዝግጅት ላይ በታደለው የፕሮግራም ወረቀት የዘፋኞቹ፣ የገጣሚዎቹ፣ የመድረክ መሪው፣ የድምፅ ማጉያ አከራዩም ስም ሳይቀር ሰፍሮ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ የመታው ተማሪ ግን «እና ባንዱ» በሚለው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። የማጉያው ባለቤት በዚያ ወረቀት ምክንያት ሌላ ኪራይ ያገኝ ይሆናል። ከበሮ መቺው በምን ያግኝ?

ስለዚህ በየክፍሉና በየክበቡ ዝግጅት ለምታሰናዱ ሁሉ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በማንኛውም የፕሮግራም ወረቀትና ማስታወቂያ ላይ «ባንዱ» በሚለው ቃል ፈንታ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው ይጻፍ፤ ይህ የሚያስወጣው ሁለት መስመር ቀለም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለዝግጅት የተመደበ ገንዘብ ካለ የአጃቢው ድርሻ ከሥራው በፊት ተነግሮት በዚያው ምሽት ይሰጠው፤ «ቆይ ነገ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ለዘፋኙ ሳይሆን ለእርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች በስልካቸውም ሆነ በመቅረጫ ክፍል የሚቀርጹትን ሙዚቃ ለሰው በሚያሰሙበት ጊዜ ማን ምን እንደ ተጫወተ ከሥራው ጋር አብረው ያስፍሩ። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎችም በሶዶና በአካባቢዋ ለዓመታት በሠርግና በበዓል የመቱትን አረጋውያን እየጠየቁ ቢመዘግቡ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነገር ያገኛሉ።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንዱም የመንግሥት በጀት አይጠይቅም፤ አንዱም አዲስ ሕግ አይጠይቅም። የሚጠይቁት ብዕር የያዘ ሰው ከመድረኩ ፊት ወደ መድረኩ ኋላ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ «ወንድሜ፣ ስምህን ማን ልበል?» ብሎ መጠየቁን ብቻ ነው። የሚቀጥለው ዝግጅት ፕሮግራም ወረቀት ገና አልታተመም፤ ጊዜው አላለፈም።